የዕለቱ ተጠያቂ

ፖሊስ ጣቢያችን ውስጥ አንድ ሰው አለ፤ በስሙ የሚጠራው የለም። «ይመዝገብ» ነው የምንለው። ሠላሳ አንድ ዓመት ፓትሮል ሲዞር አፉ ላይ የቀረች ቃል ናት። ሰው ተሰረቅሁ ቢለው «ይመዝገብ»፣ ሚስቱ ሽንኩርት አልቋል ብትለው «ይመዝገብ»። በልጁ ሠርግ ላይ የሙሽራው አባት «ከዛሬ ጀምሮ አንድ ቤተሰብ ነን» ሲሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ይመዝገብ» ብሎ አዳራሹን በሳቅ ገደለው። እሱ ሰው ለምን እንደሳቀ እስከ ማታ ሲጠይቀኝ ነበር። እኔ ሹፌሩ ነኝ። አስራ ሰባት ዓመት ፒክአፕ ነድቼለታለሁ። ቀስ ብዬ ስለምነዳ «ዔሊ» ይሉኛል። ይበሉ፤ እስካሁን ማንንም አልገጨሁም።

ጀግና ነበር ብዬ ላወራላችሁ አይደለም። ሽጉጡን ሊያጸዳው ካልሆነ አውጥቶት አያውቅም። ግን ቦታ አይለቅም። ምልምል ሳለ የውሃ ታንከር ጠብቅ ተብሎ ቆመ፤ ተተኪ መላክ የነበረበት አለቃ ረሳው። አንድ ቀን ከግማሽ እዚያው ተገተረ። ሲያገኙት እግሩ ከማበጡ የተነሳ ጫማውን በመቀስ ቀደው ነው ያወጡለት። «ምን ሆነህ ነው ያልሄድከው?» ቢሉት «ተተኪ አልመጣማ» አለ። ይቺ ወሬ በጣቢያው የታወቀች መሳቂያ ናት። እውነቱን ለመናገር አዲስ ሰው በተቀጠረ ቁጥር የማወራት እኔ ነበርኩ።

ታዲያ ጡረታው አንድ ዓመት ሲቀረው አዲሷ አዛዣችን አንድ ሐሳብ አመጣች። ሰው ወይ ይፈራናል ወይ ይሰድበናል፣ የሚያናግረን ግን የለም አለች። ስለዚህ በየማክሰኞው ረፋድ ላይ በሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት የንባብ ክፍል አንድ ፖሊስ ይቀመጥና ሰው የፈለገውን ይጠይቀው፤ መቆም የሚያፍር በወረቀት ጽፎ ሳጥን ውስጥ ይክተት። ማን ይቀመጥ ሲባል ሁሉም ጣሪያ ጣሪያ አየ። እሱ ብቻ ማስታወሻ ሲጽፍ ነበርና ተመረጠ።

የመጀመሪያው ማክሰኞ ስንገባ ጠረጴዛው ላይ የታጠፈ ካርቶን ቆሞ አገኘን፤ ጸሐፊዋ በትልልቁ «የዕለቱ ተጠያቂ» ብላ ጽፋበታለች። ቆሞ አነበበው፤ እንደገና አነበበው።

«ተጠያቂ? ምን አጠፋሁ?» አለኝ በሹክሹክታ።

«ጥያቄ የምትጠየቅ ማለቷ ነው እንጂ…»

«ሠላሳ አንድ ዓመት ተጠያቂ ስል የኖርኩት ለሌባና ሰው ገጭቶ ለሚያመልጥ ነው።»

«ተቀመጥ እባክህ፤ ሰው እያየን ነው።»

ተቀመጠ፤ ካርቶኗን ግን በቀስታ ወደኔ አዞራት። መነጽሩን ሁሌ ስለሚረሳ የሳጥኑን ወረቀት የማነብለት እኔ ነበርኩና ጎኑ ነው የተቀመጥኩት። ለሚያየን ተጠያቂው እኔ ሆንኩ።

ሕዝብ ሲያገኝ ደግሞ አይምርም። አንዱ ተነስቶ «ሳይረን የምታበሩት ምሳ ሰዓት ሲደርስ ነው ይባላል፤ እውነት ነው?» አለ። አስተባብለህ እለፈው እንጂ ሰውዬ፤ እሱ ወደኔ ዞሮ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «አብርተን እናውቃለን እንዴ?» አለኝ። «አንዴ» አልኩ። «አንዴ» ብሎ ለሕዝቡ አስተላለፈ። አንዲት ባለሱቅ ደግሞ «ፖሊስ ሲፈራ ምን ያደርጋል?» ብላ ጠየቀችው። ሰው ወንበር ላይ መቁነጥነጥ እስኪጀምር አሰበና «ቁልፍ ይቆጥራል» አላት። ማንም አልገባውም። እኔ ገብቶኛል፤ ጨለማ ደረጃ ላይ ሲወጣ ቀበቶው ላይ ያሉትን ቁልፎች በጣቱ አንድ በአንድ ሲነካ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። ዝናብ እየወረደበት ባዶ ግንብ ሥር ስለሚቆም ፖሊስ ሲጠይቁት ግን ደቂቃ አልፈጀበትም። «ተተኪ ሳይመጣ ቦታ አይለቀቅም» አለ፤ ሰውም ራሱን ነቀነቀ።

ከዚያ ሳጥኑ ተከፈተ። ከመጀመሪያዎቹ አንዷ በሰማያዊ ቀለም የተጻፈች አጭር ወረቀት ናት። እንዲህ ብዬ አነበብኩ፦ «ፖሊስ ከቤት እንዳይነሱ ያላቸው መቼ ነው መነሳት የሚችሉት?»

እናንተስ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? በዚያ ሰሞን መንገድ ሊሰፋ ነው ተብሎ ከቤት የሚነሱ ሰዎች ጉዳይ ሰፈሩን አምሶታል። እንዳይነሱ፣ ያላቸው፣ የሚችሉት ሲባል ብዙ ሰው መሰለው። እኔም መሰለኝ። ጉሮሮውን ጠርጎ ስለ መንገዱ ሥራ ማብራራት ጀመረ። ፖሊስ ተነሱም አትነሱም ሊል አይችልም፣ የቤቶች ጽሕፈት ቤት ሂዱ አለ። ይቺን ሲል ጉድ ፈላ። ከኋላ ያሉት የቤት ባለቤቶች ተነሱ፣ አንዱ የካርታ ቅጂ ከደረቱ አወጣ፣ ሌላው «ማን አትነሱ አለ፤ እኛን ተነሱ ነው ያሉን» ብሎ ጮኸ። ስብሰባው በጭቅጭቅ ተበተነ። መኪና ውስጥ ገብተን በሩን ሲዘጋ «ምን ነበር የጠየቁኝ?» አለኝ። እኔም ጭው ብሎብኝ ነበር።

በሁለተኛው ማክሰኞ ያቺው ሰማያዊ ቀለም መጣች፤ ብዕሩን ጫን ጫን አድርገውታል። «ያለፈው መልስ የኛ አይደለም። ብዙ ሰው አላልኩም፤ አንድ ትልቅ ሰው ናቸው። ፖሊስ በቤታቸው ቆሞ በራሱ አፍ ከቤት እንዳይነሱ ብሏቸዋል። እስከ መቼ ነው?»

አያችሁ፣ አንቱታ ነው ያሳሳተን። ለአንድ ሰው አክብሮት ተብሎ የተጻፈውን እኛ ሰፈር ሙሉ አደረግነው። እሱ በዚህ ትንሽ አፈረ። ከዚያ ግን ፊቱ በራ፤ ይኼኛውን ያውቀዋላ። ቀጥ ብሎ ተቀመጠና አፉን ሞልቶ «ትእዛዝ የሰጠው ፖሊስ ራሱ ወይም የበላዩ እስኪያነሳው ድረስ ትእዛዙ የጸና ነው» አለ። ደስ አለኝ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሳይንተባተብ የመለሰው እሱን ብቻ ነው። ከሦስተኛው ረድፍ አንዲት ነጭ የሐኪም ቤት ጫማ ያደረገች ሴት ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ልብ ያልኳት በሩን በኃይል ስለዘጋችው ነው።

በሦስተኛው ማክሰኞ ሳጥን አልጠበቀችም። ገና ሳንቀመጥ ቆመች።

«ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ነርስ ነኝ። አክስቴ ናቸው፤ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። አንድ ዓይናቸው ከጠፋ ዓመት ሆኖታል። ሁለተኛው ከነገ ወዲያ፣ ሐሙስ ቀዶ ሕክምና ካልተደረገለት እሱም ይሄዳል ብሏል ሐኪሙ፤ ሌላ ቀጠሮ ደግሞ ከሦስት ወር በፊት የለም። ሆስፒታል ሁለት ሌሊት ማደር አለባቸው። እሳቸው ግን ፖሊስ ከቤት እንዳልነሳ ነግሮኛል ብለው ከበሩ አይወጡም።»

«ማን ነው እንደዚህ ያላቸው?» አለ እሱ፤ ማስታወሻውን አውጥቷል።

«ቆይ ልጨርስ። እንደዚህ ያለ ትእዛዝ የለም ትላለህ ብዬ ነበር የመጣሁት። ያንን ሰምተው እንዲነሱልኝ ነበር። ቤት ስገባ ምን አለ ብለው ጠየቁኝ፤ ለሳቸው መዋሸት አልችልም። እስኪነሳ የጸና ነው አለ አልኳቸው። አየሽ፣ ሕጉም ይኸው ነው ብለው ያሰናዳሁትን ሻንጣ ፈቱት።»

«መቼ ነው የተነገራቸው?» አላት።

«ባላቸው የጠፉ ቀን። ዘጠኝ ዓመቱ ነው። መርሳት ጀምሯቸው ነበር፤ ካውያ ላሠራ ብለው በጋዜጣ ጠቅልለው ወጡ፣ አልተመለሱም። ከትራንስፎርመሩ ጀርባ፣ ሰማያዊው በር።»

«የፖሊሱ ስም?»

«ስሙን አያውቁም። ነገር በጨረሰ ቁጥር ይመዝገብ ይል ነበር ይላሉ።»

ጣቢያውን የሚያውቁ ሁለት ሦስት ሰዎች ሳቁ፤ ወዲያው ተዉት። እኔ ወደሱ ማየት አልቻልኩም። ጠረጴዛው ሥር ግን ጣቱ ቀበቶው ላይ ሲሄድ ይሰማኛል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ቁልፍ።

ከዚያው በቀጥታ ወደሱ ቤት ሄድን። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ የሠላሳ አንድ ዓመት የኪስ ማስታወሻው ከስፌት ማሽኗ ሥር በካርቶን ነው ያለው፤ እግሯን ታሳርፍበታለች። «አሁን ምን ጠፋብህ?» አለችው። «ሰው» አላት። ትክ ብላ አየችውና መቀሷን አስቀምጣ አብራን መፈለግ ጀመረች። እሷ ናት ያገኘችው፤ ዓመቱን በሽፋኑ ቀለም ታውቀዋለች። ገጹ ላይ በእርሳስ እንዲህ ይላል፦ «ሽማግሌ ጠፉ። ካውያ ይዘዋል። በራሳቸው ሊመለሱ ስለሚችሉ ባለቤታቸው ከቤት እንዳይነሱ ተነገራቸው። እንመለሳለን።» ከሥሩ፣ ወዲያው፣ «ድልድዩ ጋ የጭነት መኪና ተገለበጠ»።

ያኔ ትዝ አለኝ። በሩ ላይ ቆሞ ሲያናግራቸው ክላክስ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ሁለቴ። መገናኛው ስለ ድልድዩ እየጮኸብኝ ነበር። ተሯሩጦ ወጣ። በማግስቱ ለአንድ ወር ስልጠና ላኩት፣ ጉዳዩም ወደ ምርመራ ክፍል ሄደ፣ መርማሪዎቹ ሆስፒታሉንም ሬሳ ክፍሉንም ጠይቀው ምንም የለም ብለው ዘጉት።

«እንመለሳለን ብያለሁ። ተመልሰናል?» አለኝ።

«ጉዳዩ ወደ ምርመራ ተላልፎ ስለነበር…»

«ተመልሰናል ወይ?»

«አልተመለስንም።»

ይመዝገብ ይላል ብዬ ጠበቅሁ። አላለም። ሚስቱ ደብተሩን ከእጁ ወስዳ ዘጋችው።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ፒክአፑን ሰማያዊው በር ፊት አቆምኩ። መንገዱን ሙሉ ሲለማመድ ነበር። «ትእዛዙ ከዛሬ ጀምሮ ተነስቷል።» አይሆንም። «የሰጠሁትን ትእዛዝ አንስቻለሁ።» ጭራሽ አይሆንም። ለኔ ቀላል ነገር ነበር የመሰለኝ። ገብተህ በቃ ትላለህ፣ ሴትዮዋ ሐኪም ቤት ይሄዳሉ፣ አለቀ። እሱ ግን ላብ በላብ ሆኗል።

ሳናንኳኳ በሩ ተከፈተ። ትንሽዬ ሴት ናቸው፤ የቀረቻቸውን ዓይን ወደኛ አዙረው የደንብ ልብሱን አዩ፣ ከዚያ ፊቱን፣ ከዚያ መኪናውን።

«መጣችሁ?» አሉ። «ቆያችሁ።»

ቁጣ የለበትም። ሱቅ ልከውን ትንሽ የዘገየን ያህል ነው ያሉት። አስገቡን። ክፍሉ ንጹሕ ነው፤ የብረት አልጋ፣ ሁለት ወንበር፣ አንዱ ወንበር በሩን ፊት ለፊት እንዲያይ ተደርጎ ተቀምጧል፤ መቀመጫው መሃሉ ጎድጉዷል። የእህታቸው ልጅ ጥግ ላይ ቆማ ጥፍሯን ትነክሳለች። ከዚያ እሳቸው አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉና እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው «በሉ፣ ንገሩኝ» አሉ።

ያኔ ነው ምን እንዳደረግን የገባኝ። ፖሊስ ተመልሶ ሲመጣ ወሬ ይዞ ነው። ዘጠኝ ዓመት የጠበቁት ወሬ የመጣ መስሏቸዋል። እኛ ደግሞ ባዶ እጃችንን ነን።

«እማማ፣ የመጣሁት… ያኔ ከቤት እንዳይነሱ ብዬዎት ነበር። እሱ ትእዛዝ ተነስቷል።»

«ተገኘ?»

«አልተገኙም።»

«ታዲያ ለምንድን ነው የሚነሳው?»

ይኼን ጥያቄ በሦስት ማክሰኞ ማንም አልጠየቀውም። ጊዜው ስላለፈ? ማን አለፈ አለ? ባልዎ አይመጡም ብሎ ይንገራቸው? እሱን ማን ያውቃል? ወደኔ ዞረ፤ እንደ ሳይረኑ ጊዜ።

«አላውቅም፣ እማማ» አለ። «ቶሎ የምመለስ መስሎኝ ነበር። የዚያን ዕለት ለማለት ነበር። ማን ያንሳው፣ ለምን ይነሳ፣ አላውቅም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

እሳቸው ጥፋቱን ጉዳዬም አላሉት። «እኔ ብወጣ፣ እሱ ቢመጣስ?» አሉ። «ቁልፍ ይረሳል። ሲወጣም ረስቶት ነው የወጣው። በሩ ከተቆለፈ ቤቱን ተሳሳትኩ ብሎ ይሄዳል። አንተ ብትሆን ትሄዳለህ?»

ግራ መጋባቱ ከፊቱ ላይ ሲነሳ አየሁ። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፣ የጠፋበትን መነጽር ግንባሩ ላይ ያገኘ ሰው መሰለ። ተነሳ፤ ኮፍያውን አደረገ፤ ተረከዙን ገጠመ።

«ልክ ነዎት» አላቸው። «ተተኪ ሳይመጣ ቦታ አይለቀቅም። ተተኪዎ እኔ ነኝ። ነገ ጠዋት እረከብዎታለሁ።»

የእህታቸው ልጅ ጥፍሯን ከአፏ አወጣች። እማማ ረጅም ጊዜ አዩት፤ እየቀለደ እንደሆነ ለማወቅ ይመስለኛል። እሱ ሲቀልድ አስራ ሰባት ዓመት አላየሁም።

«ትቀመጣለህ?»

«እቀመጣለሁ።»

«እዚህችው?»

«እዚህችው።»

አዛዧ ለሁለት ቀን ፈቃዱ ምክንያት ምን ብዬ ልሙላ ብላ ስትጠይቀው «ጥበቃ» አላት። «የማን?» «የሚመጣ ሰው።» ወደኔ አየች፤ ፈርሚለት አልኳት። ይኼን ሁሉ ስናደርግ ትክክል ይሁን ስሕተት፣ የሰው ተስፋ እያከምን ይሁን ወይስ እንደገና እያቆሰልን፣ እኔ አላውቅም ነበር፤ አሁንም አላውቅም። ዓይናቸው እንዳይጠፋ ነበር የፈለግነው።

ሐሙስ ጠዋት ተረካከቡ። ደብተሩን አውጥቶ እየጻፈ ነው የተረከበው። በሩ ሲዘጋ ትንሽ ወደ ላይ ያዝ ማድረግ ይፈልጋል። ቀን ቀን ገርበብ ይበል፤ ሲመሽ ይዘጋና መብራቱ ይብራ። ሲመጣ መጀመሪያ ውሃ ይጠይቃል። «ስለ ካውያው ደግሞ እንዳትጠይቀው» አሉት። «አላሠራው ይሆናል። አፍሮ ይናደዳል።» «አልጠይቅም» ብሎ ጻፈ። ቁልፉን ሰጡት። ከደጁ ሲወጡ አንዴ ዞር አሉ፤ እሱ የጎደጎደው ወንበር ላይ ኮፍያውን እንዳደረገ ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ ተቀምጧል። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ቀስ ብዬ ነድቼ አላውቅም። «ልጄ፣ በእግሬ ብሄድ እቀድምሃለሁ» አሉኝ። እግራቸው ላይ ካልሲ ብቻ ነው ያለው፤ የውጭ ጫማቸው ለካ አልገባ ብሏቸው ነው።

ሁለት ቀን ሙሉ ተቀመጠ። ሚስቱ ምሳ ይዛ ስትመጣ እሷን በሩ ጋ አስቀምጦ ጓዳ ገብቶ ይበላ ነበር። እኔ አርብ ጎራ ስል የሰው ኮቴ በተሰማ ቁጥር ከወንበሩ ብድግ ይላል። ወተት ሻጩ ሲያልፍ ብድግ። የጎረቤት በር ሲንኳኳ ብድግ። «ምነው፣ ተረጋጋ እንጂ» ስለው «ኮቴው የሽማግሌ ይመስላል» አለኝ። ውሃ በብርጭቆ ቀድቶ አጠገቡ ክዳን አድርጎበታል። ፈራሁለት።

ቅዳሜ ከሰዓት አክስትንና የእህት ልጅን መለስኳቸው። ዓይናቸው በነጭ ፋሻ ተሸፍኗል፤ ተሳክቷል ብሏል ሐኪሙ። የእህታቸው ልጅ ክንዳቸውን ይዛ አስገባቻቸው። እሱ ከወንበሩ ተነስቶ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«መጣ?» አሉ።

«አልመጡም፣ እማማ።»

«ማንም አልመጣም?»

«ወተት ሻጭ፣ የመብራት ቆጣሪ አንባቢና ሚስቴ። ሌላ ማንም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። እየዳበሱ ወደ ወንበሩ ሄዱ፤ የሚቀመጡ መሰለኝ። አልተቀመጡም። ጀርባውን ይዘው በሩ ላይ ከተደቀነበት አዞሩትና ከግድግዳው ጋር አስጠጉት። «እሷ ጋ ልሄድ ነው» አሉ ወደ እህታቸው ልጅ ድምፅ በአገጫቸው እያሳዩ። «ሁለት ቀን ስተኛ አሰብኩበት። አንተም ቤትህ ግባ፤ ደክሞሃል።»

እሱ አልተንቀሳቀሰም። ቁልፉን ጨብጦ ደጁን ያያል። የደንብ ልብሱ አንገትጌ ላይ ላብ አለ። ከዚያ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ፖሊስ በማይመስል ድምፅ፣ «ቢመጡስ?» አላቸው።

እማማ በፋሻቸው ወደሱ ዞሩ። እጃቸው ክንዱን ፈልጎ አገኘ፤ ወርዶ ጭብጡን ከፈተና ቁልፉን ወሰደ።

«በቃ ልጄ» አሉት። «ተነስቷል።»